በየቋንቋው የሚመሳሰሉ ቃላት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ማታ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ለእኛ ምሽት ነው። ማሌዥያ ውስጥ በሚነገረው በማላይኛ ግን ዓይን ማለት ነው፣ በጃፓንኛ «እንደገና»፣ በስፓንኛ ደግሞ «ይገድላል»። ማላዮች ፀሐይን «ማታሃሪ» ይሏታል፣ የቀን ዓይን እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ በስለላ ተከሳ የተረሸነችው ሆላንዳዊት ዳንሰኛ ማታ ሃሪም የመድረክ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ ጨለማ ይታየዋል፣ ስሙ ግን ፀሐይ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር በጣም ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሰው ግጥምጥሞሹን ይዞ «ይሄ ቃል የእኛ ነው፣ ከእኛ ነው የወሰዱት» ብሎ ሲለጥፍና ሺህ ሰው ሳያጣራ ሲያጋራው ነው። እስቲ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ፣ ድምፁ ስለገጠመ ብቻ «ዘመድ ነው» ማለት። ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ግሪኮች ዓይንን «ማቲ» ይሉታል። ማላዮች «ማታ»። ድምፁም ትርጉሙም ገጠመ፣ ታዲያ ምን ቀረ? ታሪኩ ቀረ። የግሪኩ ቃል በጥንት ጊዜ «ኦማቲዮን» ነበር፤ ከፊትም ከኋላም እየተቆረጠ ነው «ማቲ» የሆነው። ከማላዩ ጋር ምንም አያገናኘውም። አሁን ወደ ኒውዚላንድ ሂዱ። በማኦሪኛ «ማታ» ፊትም ዓይንም ነው፣ ሃዋዮች ደግሞ ዓይንን «ማካ» ይሉታል። ማካ ከማቲ ይልቅ የራቀ ይመስላል አይደል? ግን እውነተኛው ዝምድና እዚህ ጋ ነው። ማኦሪዎች ክልክል የሆነውን ነገር «ታፑ» ሲሉ ሃዋዮች «ካፑ» ይላሉ፤ ሰውን «ታንጋታ» ሲሉ እነዚያ «ካናካ» ይላሉ። በማኦሪኛ «ት» ባለበት ቦታ በሃዋይኛ «ክ» ትመጣለች፣ ያውም ከቃል ቃል ሳታዛንፍ። ዝምድና የሚታወቀው በዚህ ነው፤ አንድ ቃል ተመሳሰለ ተብሎ ምስክር አይቆጠርም።

ሁለተኛው አጋጣሚን መናቅ ነው። «ይሄን ያህል ተመሳስሎ እንዴት አጋጣሚ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ይሆናል! በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት አሏቸው፣ የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ግን ውስን ነው። አጫጭር ቃላት መጋጨታቸው አይቀርም። አውስትራሊያ ውስጥ ምባባራም በሚባለው፣ ዛሬ ተናጋሪ በሌለው ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነበር፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ከእንግሊዞች የተወሰደ ነው ያላችሁ ተሳስታችኋል። ጎረቤቱ የሆነው የዪዲኝ ቋንቋ ውሻን «ጉዳጋ» ይለዋል። ምባባራምም ከዚያው ከጥንቱ ቃል ተነስቶ ፊተኛውን «ጉ» እና መጨረሻ ላይ ያለውን አናባቢ ጥሎ ነው እዚህ የደረሰው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፦ ትርጉሙ ስለተራራቀ ዝምድና የለም ብሎ መደምደም። ቤተ ልሔምን እንውሰድ። በዕብራይስጥ የዳቦ ቤት ማለት ነው። ዐረቦች ይህንኑ ከተማ «በይት ለሕም» ይሉታል፣ በእነሱ ቋንቋ «ለሕም» ግን ሥጋ ነው። ዳቦና ሥጋ ምን አገናኛቸው እንዳትሉ፣ ሥሩ አንድ ነው። በጀርመንኛ «ጊፍት» መርዝ፣ በእንግሊዝኛ ስጦታ መሆኑም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም «መስጠት» ከሚለው ሥር የወጡ ናቸው።

ብድር የሚባለውንም፣ ማለትም አንዱ ቋንቋ ከሌላው ቃል መውሰዱን፣ አትርሱ። «ካሳ» ለእኛ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ነው። ለጃፓኖች ጃንጥላ፣ ለፊንላንዶች ክምር፣ ለስፓንኛ ተናጋሪዎች ቤት፣ ለቱርኮች የገንዘብ ሣጥን። ቱርክኛና ጣልያንኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች አይደሉም፣ የቱርኩ ቃል ግን ሣጥን ከሚለው ከጣልያኑ «ካሣ» የተወሰደ ነው። ቋንቋዎቹ ባዕድ ሆነው ቃሉ ሊወሰድ ይችላል።

ሌላው ፊደሉን አምኖ ጆሮን መርሳት ነው። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ዋና» ብላችሁ ስትጽፉ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ትልቁ ጉዳይ አይታወቅም። ቻይንኛ «ማ» ደግሞ በድምፁ አወጣጥና አወራረድ እናት፣ ፈረስ ወይም ስድብ ይሆናል። በፊደላችን ሲጻፍ ሁሉም «ማ» ነው፣ ስለዚህ የተጻፈ ቃል ብቻ አይታችሁ አታወዳድሩ። «ኖቫ» የምትባለው መኪና በስፓንኛ «አትሄድም» ማለት ስለሆነ ላቲን አሜሪካ ውስጥ አልተሸጠችም የሚለውን ወሬም ተዉት። መኪናዋ ሜክሲኮና ቬንዙዌላ ውስጥ ተሸጣለች፣ የመኪናዋ ስም ሲነገር ድምፅ ጎላ የሚለው «ኖ» ላይ ነው፣ «ኖ ቫ» የሚለው ሐረግ ግን «ቫ» ላይ።

የመጨረሻው ከሰው ጋር ስታወሩ የሚያጋጥም ነው፦ አንድ የምታውቁት የሚመስል ድምፅ ሰምቶ መልስ አገኘሁ ማለት። «ኔ» በግሪክኛ አዎ ነው፣ በኮሪያኛም አዎ። በቡልጋሪያኛ ግን አይ ማለት ነው፣ ቡልጋሪያና ግሪክ ደግሞ ድንበርተኛ ናቸው! ስለ ገንዘብ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ መድኃኒት እየጠየቃችሁ ከሆነ በዚያች አንዲት ቃል ተማምናችሁ እንዳትሄዱ። ጥያቄውን ቀይራችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው በእጁ እንዲያሳያችሁ ወይም እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።