የሾትገንን ሴፍቲ ለግራኝ ተኳሽ ማመቻቸት

ግራኝ ሰው ሾትገን ሊገዛ ሲሄድ መደርደሪያው ላይ የሚያገኘው አብዛኛው ጠመንጃ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፤ ችግሩም ጎልቶ የሚታየው በሴፍቲው፣ ማለትም ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ ምላጩን በሚቆልፈው ክፍል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በአሜሪካ በብዛት የተሸጠውን ሬሚንግተን 870 ብንወስድ፣ ሴፍቲው ከምላጩ ኋላ ከጎን ወደ ጎን የሚገፋ አጭር የብረት ዘንግ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም አዳኝ አመልካች ጣቱ በቀኝ በኩል ስለሚያርፍ ዘንጉን ወደ ግራ ገፋ ያደርገዋል፤ በግራ በኩል ቀይ ቀለበት ብቅ ይላል፤ ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል። ግራኙ ግን ያንኑ ለማድረግ አመልካች ጣቱን በምላጩ መከለያ ስር አሳልፎ ወደ ቀኝ ጎን ማጠፍ አለበት። በዚህ ጊዜ የእጁ አያያዝ ይላላል፣ ጣቱም ምላጩ አጠገብ ይንጠላጠላል፤ ወፏ ብድግ ስትል ደግሞ ይህ ሁሉ በችኮላ ይከናወናል። እኔም ግራኝ ስለሆንኩ ነገሩን በወሬ አላውቀውም።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ሴፍቲው የት እንዳለ ይመልከቱ። እንደ ሞስበርግ 500 ያሉት ሴፍቲያቸው ከላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ለሁለቱም እጆች እኩል ያገለግላሉ፤ አብዛኞቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን መነካካት አያስፈልግም። አንዳንድ የቤሬታና የብራውኒንግ ከፊል አውቶማቲኮች ደግሞ ያንኑ ሴፍቲ አውጥቶ በማዞር መልሶ ለመግጠም ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አሠራሩም በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏል። ለ870 ግን ለግራኝ ተብሎ የሚሸጠውን ሴፍቲ ለብቻ መግዛት ይሻላል። የድሮውን በሞረድ ሞርዶ ለማስማማት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምላጩን የሚቆልፈው በዘንጉ ላይ ያለው ቅርጽ ነውና።

ሥራው የሚጀምረው ጥይት በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰደ በኋላ ነው። ካዝናውን ባዶ ያድርጉ፤ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይን ብቻ ሳይሆን በትንሽ ጣትዎ ጭምር ዳስሰው ያረጋግጡ። በ870 ላይ የምላጩን ክፍል ከጠመንጃው አካል ጋር የያዙት ሁለት ፒኖች ናቸው። መዶሻው፣ ማለትም ምላጩ ሲሳብ ወድቆ ጥይቱን የሚያስተኩሰው የጠመንጃው ክፍል፣ ተወጥሮ እንዳለ ፒኖቹን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ዘንግ ገፍተው ሲያወጡ ክፍሉ በሙሉ ወደ ታች ይወጣል። ከሴፍቲው በላይ ትንሽ ፒን ይታያል፤ ከእርሱ ስር ሞላ፣ ከሞላው ስር ደግሞ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የብረት ብይ አለች። ሴፍቲው ሲገፋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማው ይህች ብይ በዘንጉ ላይ ካለው ጎድጓዳ ስትገባ ነው። ፒኑ ሲወጣ ሞላው ይዘላል። ስለዚህ ሥራውን በትልቅ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጅዎን አስገብተው ይሥሩት፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ብይዋን ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ስፈልግ አምሽቻለሁ። ክፍሉን ገልብጠው ብይዋን ካወጡ በኋላ የድሮው ሴፍቲ በጎን ተንሸራቶ ይወጣል። አዲሱን ቀይ ቀለበቱ በቀኝ በኩል እንዲሆን አድርገው ያስገቡ፤ ከዚያም ብይውን፣ ሞላውንና ፒኑን በቅደም ተከተል ይመልሱ። ክፍሉ ወደ ቦታው ሲመለስ አልገባ ካለ በመዶሻ አይምቱት፤ አንድ ነገር ቦታውን ስቷል ማለት ነው። እጅዎ እዚህ ላይ ካመነታ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ አያሳፍርም።

ፍተሻውን በባዶ ጠመንጃ፣ ቢቻል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አስገብተው፣ አፈሙዙን ምንም ወደማይጎዳበት አቅጣጫ አዙረው ያድርጉ። ሴፍቲውን ቆልፈው ምላጩን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ምላጩን ለቀው ሴፍቲውን ይክፈቱ፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሁለተኛውን ፍተሻ ነው፤ ነገር ግን ጥይት ሳይታሰብ እንዲተኮስ የሚያደርገው ብልሽት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ምላጩን ሲስቡ መዶሻው መውደቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ጥይት አይጉረስ።

ሴፍቲው መቀየሩ ቀለህ ወደ ቀኝ፣ በግራኙ ፊት ለፊት አልፎ መውጣቱን አያስቀረውም። ይህ የሚያስቸግረው ሰው ቀለህ ከስር የሚጥለውን፣ ሴፍቲውም ከላይ የሆነውን ብራውኒንግ ቢፒኤስ ቢያይ ይሻለዋል።

ጠመንጃው የቤተሰብ ከሆነ ግን እኔ ባልነካው እመርጣለሁ። ለዓመታት ወደ ግራ ሲገፋ የኖረ ወንድም ሴፍቲው እንደተቆለፈ እርግጠኛ ሆኖ የተከፈተ ጠመንጃ ሊይዝ ይችላል። የግድ ከተቀየረም፣ ሁሉም እስኪለምደው ድረስ ሰደፉ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጥፈው «የግራኝ» ብለው ይጻፉበት። የድሮውን ሴፍቲም በትንሽ ከረጢት ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር ያስቀምጡ፤ ጠመንጃውን የሸጡ ዕለት ገዢው ይጠይቅዎታልና።