ከጣሪያ ብርሃን ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚበራባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሰርቪሱ ከአጥር ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ ሳሎኑ ላይ አንድ ክፍል ሲቀጠል መካከል ላይ የቀረው ክፍል መስኮቱን ያጣል። ወደ ጎረቤት ግቢ መስኮት ማውጣት ደግሞ ጠብ መጥራት ነው። የሚቀረው መንገድ ጣሪያውን ከፍቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ወይም መስታወት መሸፈን ነው። ሥራው በእውቀት ከተሠራ ጨለማ ክፍልን ሰው የሚቀመጥበት ያደርገዋል። በዘፈቀደ ከተሠራ ግን በክረምት ባልዲ የሚያስደረድር፣ በበጋ አላስቀምጥ የሚል ሙቀት የሚያመጣ ዕዳ ይሆናል።

በጣም ሰፊ አድርጎ መክፈት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ድፍን ደመና በሆነ ቀን ሰማይ ከአናት በኩል ከአድማሱ ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ያበራል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለ ክፍተት በስፋት እኩያው ከሆነ የግድግዳ መስኮት እጅግ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። በጠራ ቀን በቀጥታ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ፣ ለንባብ የሚበቃው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። በሌላው ዓለም የተለመደው ምክር ክፍተቱ ከወለሉ ስፋት ከ5 እስከ 15 በመቶ ይሁን ይላል። ለእኛ ሰማይ ከታችኛው ቁጥርም ዝቅ ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። 4 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል ግማሽ ካሬ ሜትር ይበቃል። አንድ ሙሉ ቆርቆሮ አንሥቶ በፕላስቲክ መተካት ለእንዲህ ያለ ክፍል ከልክ ያለፈ ነው።

እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ጣሪያውን ጭራሽ ባይነኩት እመርጣለሁ። እዚያ የሚሻለው ግድግዳውን ከፍ አድርጎ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጥላ ባለበት፣ አጭር መስኮት መደርደር ነው፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ሞቃቱ አየርም በዚያው ይወጣል።

የአውሮፓን አቅጣጫ መቅዳት

የጣሪያ መስኮት ሙያ በእጅጉ ያደገው በሰሜን አውሮፓ ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቬሉክስ እ.ኤ.አ. በ1941 የተመሠረተው ዴንማርክ ውስጥ ነው። ኮፐንሃገን ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች። እንዲህ ባለ አገር «መስኮቱን ወደ ደቡብ አድርግ» ቢባል ተገቢ ነው፤ የምትገኘውን ጥቂት ፀሐይ ለመያዝ ነውና።

አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ አብዛኛው ጊዜ ግን ክረምት ስለሆነ ደመናው ኃይሏን ይሰብረዋል። ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። እንግዲህ በደቡቡ ተዳፋት ላይ የተከፈተ ጣሪያ የበጋውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ የሰሜኑ ግን ገደድ ብላ ስለምታርፍበት ለስለስ ያለ ብርሃን ይሰጣል። ምርጫ ካለ ሰሜን ይሁን። ምሥራቅ ለወጥ ቤት መልካም ነው፤ ጠዋት የቀዘቀዘውን ክፍል ያሞቀዋል። ምዕራብን መሸሽ ነው፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ ሳለ የከሰዓቱን ፀሐይ ይጨምርበታል።

ርካሹን ፕላስቲክ መምረጥ

ከፍታችን የፀሐይን ጨረር ያበረታዋል። ስስ ፕላስቲክ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይደበዝዛል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም በረዶ ሲወርድበት ይበሳል። የጨረር መከላከያ ልባስ ያለው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ልባሱ በአንድ ፊቱ ብቻ ስለሆነ በላዩ በተለጠፈው ስስ መሸፈኛ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ያንን ፊት ወደ ሰማይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ተገልብጦ የተመታ እንዳልተለበሰ ነው። የሞገዱ ቅርጽም ከነባሩ ቆርቆሮ ጋር መግጠም አለበት። ሞገዱ ማዕዘን ባለው የኢጋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ክብ ሞገድ ያለው ፕላስቲክ ደርቦ ክፍተቱን በሲሊኮን መድፈን ለአንድ ክረምትም ላይበቃ ይችላል። መስታወት ለሚመርጥ ሰው ተራው የመስኮት መስታወት ከራስ በላይ በፍጹም አይገባም። ሲሰበር ስብርባሪው በውስጡ ባለው ሽፋን ተይዞ የሚቀር ድርብ መስታወት ይፈለግ።

አደራረቡንና ብሎኑን ለዘፈቀደ መተው

«ያፈሳል» የሚባለው አብዛኛው ጣሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የፕላስቲኩ የላይኛው ጫፍ ከበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ከበታቹ ባለው ላይ ያርፋል። ውሃ ሲወርድ ስፌት እንዳያገኝ ማለት ነው። ሠራተኛ ሲቸኩል የላይኛውን ጫፍ ከላይ ይደርበውና ሲሊኮን ይቀባዋል። ሲሊኮኑ በፀሐይ ሲላቀቅ ውሃው ቀጥ ብሎ ይገባል።

ፖሊካርቦኔት በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ሲሆን 3 ሜትር ርዝመት ያለው ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በሚስማር አይመታም። መጀመሪያ ከብሎኑ ወፈር ያለ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ብሎኑ ከነጎማው በሞገዱ ጀርባ ላይ ይገባል፣ ጎማው ጠፍጠፍ ማለት ሲጀምር እጅ ይቆማል። ብሎኑ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ቀዳዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፤ ስንጥቁም በየቀኑ ሙቀትና ብርድ እየረዘመ ይሄዳል።

ኮርኒሱን መርሳት

ጣሪያውን ከፍቶ ኮርኒሱን እንዳለ መተው ብርሃኑን ለአይጥ መስጠት ነው። ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ ያለው ቦታ በአራቱም ጎን በችፑድ ይዘጋ፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ብሎ ይሠራ፤ ውስጡም የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ይቀባ። የድሮ ቤት ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ጨርቁን ቀድሞ መቅደድ ሁሉንም ያረግበዋል። መጀመሪያ የእንጨት ክፈፍ ገብቶ ጨርቁ ዙሪያውን ይመታበታል፤ መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ላቡን ፍሳሽ ማለት

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጣሪያው ይቀዘቅዛል፤ የድስቱ እንፋሎት፣ የሰው ትንፋሽ ስሱ ፕላስቲክ ላይ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ወለሉ ረጥቦ ከተገኘ ጣሪያው ስላላበው ነው፤ ሲሊኮን ቢጨመር ለውጥ የለውም። በመካከሉ አየር ያለበት ድርብ ፖሊካርቦኔትና ትንሽ የአየር ማስወጫ ችግሩን ያቃልሉታል።

ሰው እንደሚወጣበት አለማሰብ

ይህን ቸል የሚል ሰው ያናድደኛል። ፕላስቲኩ ሰው አይሸከምም። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ አቧራ ሲለብስ ከቆርቆሮው ጋር ይመሳሰላል፤ ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ ወጣት ይረግጠውና ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከሥሩ በሞራሌው ላይ የታሰረ ጠንካራ የብረት ፍርግርግ ይህን ይከለክላል፤ ሌባንም ይመልሳል። ዳር ዳሩን በደማቅ ቀለም ማስመርም ዋጋው ጥቂት ነው።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው የጋራ ንብረት ነውና ማኅበሩን ሳያስፈቅዱ መንካት አይገባም። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ይሠራ፤ ከበልጉም በፊት በጎማ ውሃ ይፈተሽ። ውሃው ከታችኛው ጫፍ ይጀመርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ፤ ሌላ ሰው ከውስጥ ባትሪ ይዞ ይመልከት። ከአናት ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርሰው የሚያፈስሰው የትኛው ስፌት እንደሆነ መለየት አይቻልም።