ኬክ ከመጋገሪያው ፓትራ ጋር እንዳይጣበቅ

ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋገር ሳይቀደድ የሚወጣው ሊጡና ብረቱ ስለማይገናኙ ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ ጋጋሪ የለም፤ ኬክ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ፓትራውን ዘይት ቀባ አድርጎ ሊጡን ይገለብጥበታል። ኬክ ደግሞ ከዳቦ ይልቅ ይጣበቃል፤ እንቁላሉ ሲበስል ብረቱን ይይዛል፣ የቀለጠው ስኳርም ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ፣ የሊጡ እርጥበት ፈጥኖ ይተንና ስኳሩ ይበረታል። ስለዚህ ለቆላ አገር የተጻፈ አሠራር የሚከተል ሰው ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቢቀንስ ይመረጣል።

ለመቀባት የሚሻለው ቅቤ ነው፤ ይሁን እንጂ ለጋ ቅቤ ውሃና የወተት ዝቃጭ ስላለው፣ ያለ ቅመም ቀልጦ ከላይ የጠለለው ብቻ ቢወሰድ መልካም ነው። በኮረሪማና በአብሽ የተነጠረው ለወጥ ይቆይ። የኑግ ዘይት ስሱ ሆኖ ተቀብቶ ሲግል ወደሚያጣብቅ ቡናማ ልባስ ስለሚለወጥ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸክላው ቅባቱን ይጠጣዋል፣ ቆርቆሮ ግን አይጠጣም።

ከቅቤው በኋላ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይነሰነስና ፓትራው እየተዘዋወረ ጎኑን ሁሉ እንዲያለብስ ይደረጋል፤ ከዚያም ተደፍቶ፣ ዱቄት መርገፉን እስኪያቆም ድረስ ቂጡ በመዳፍ ይመታል። የተረፈ ዱቄት የኬኩን ቆዳ ያሻክራል። የቸኮሌት ኬክ ከሆነ በዱቄቱ ፋንታ ካካዎ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዋስትና ግን ከታች የሚነጠፈው የመጋገሪያ ወረቀት ነው። ፓትራው ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ዙሪያው በእርሳስ ይሰመራል፤ ሲቆረጥ ከመስመሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት፣ አለዚያ ጠርዙ ይታጠፍና ሊጡ ከሥሩ ይገባል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስላለው አይሆንም። ኮባውም ቢሆን ጠረኑ ለድፎ ያምርበታል እንጂ ከቫኒላ ጋር አይስማማም።

ቅቤም ዘይትም የሌለበት፣ በተመታ እንቁላል ብቻ የሚነሣ ኬክ ከዚህ ይለያል፤ ሲያድግ ጎኑን ይዞ ስለሚወጣ ጎኑ አይቀባም፣ ወረቀቱ ብቻ ይበቃዋል።

ከእሳት ሲወጣ ወዲያው መገልበጥ ይሰብረዋል፤ ፓትራው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ መተው ደግሞ ስኳሩን ያደርቃል፣ እንፋሎቱም ተመልሶ ያረጥበዋል። 10 ደቂቃ ያህል አሳርፎ፣ ቀጭን ቢላዋ ወደ ብረቱ ተጠግቶ በዙሪያው ከዞረ በኋላ ይገለበጣል። እምቢ ካለ በፈላ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ በተገለበጠው ፓትራ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይደረብበት፤ ሙቀቱ የደረቀውን ቅቤና ስኳር ሲያላላው ይለቃል።