ጅማ ላይ ሀብሀብ በፍግ ብቻ እንዴት ይመረታል

ጅማ ላይ ሀብሀብ አይሆንም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ዝናብ ጠብቀው የዘሩ ናቸው። እኔም መጀመሪያ እንደ በቆሎ መጋቢት ላይ ዘርቼ ሐረጉ ደስ ሲል አደገ፣ አበባው ሲመጣ ግን ዝናቡ ጠና፣ ቅጠሉ ሻገተ፣ የያዘውም ፍሬ መሬት ላይ በሰበሰ። ሀብሀብ ውሃ ሚፈልገው ከስሩ ነው እንጂ ከላይ አይደለም። ስለዚ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ፍሬው መጋቢት ላይ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ከዘር እስከ ለቀማ ከ80 እስከ 100 ቀን ይፈጃል፣ ብርድ ካለ ትንሽ ይጨምራል፣ ስለዚ ዘሩ ህዳር መጨረሻ አፈር መግባት አለበት። ወሩ በጋ ነው፣ ቅርብ ውሃ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ፍጉ ደሞ ከዘሩም በፊት ነው የሚጀመረው፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ። ትኩስ እበት ስር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። እበቱን፣ እኛ ጋ የማይጠፋውን የቡና ገለባ፣ ደረቅ ሳርና ትንሽ የምድጃ አመድ እያነባበራችሁ 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት። ገለባ ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም፣ እበቱ ነው ሚያግዘው። አመዱ ለቀዩ አፈራችን ጥሩ ነው፣ አሲዳም ስለሆነ፣ ግን አታብዙት። በሙዝ ወይ በእንሰት ቅጠል ሸፍኑትና በየ2 ሳምንቱ ገልብጡት። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እጃችሁ ረጥቦ ውሃ ካልተንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው። 2 ወር ተኩል አካባቢ ሙቀቱ ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ የጫካ አፈር ይሸታል። እበት እበት እስከሸተተ ድረስ አትንኩት።

ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ እዚህ ይበርዳል፣ በቀዝቃዛ አፈር ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ስለዚ ለብ ባለ ውሃ አሳድራችሁ አፈርና ፍግ በሞላው ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ 2 ሳንቲሜትር አስገቡት፣ ቀን ፀሐይ ላይ ማታ ቤት። ጎጀብና ግቤ ሸለቆ ያላችሁ ሙቀት ስላላችሁ በቀጥታ መሬት ላይ ዝሩ። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ከተገኘ፣ ለምሳሌ ሹገር ቤቢ፣ እሱን እመርጣለሁ።

በ3 ሳምንት አካባቢ 3 ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲሜትር፣ በተክል መሀል 1 ሜትር፣ በመስመር መሀል 2 ሜትር። በየጉድጓዱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የበሰለ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ትንሽ ጉብ አድርጉት። ስሩ ሲነካካ አይወድም፣ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አፈሩን ሳትበትኑ አስቀምጡት። ከዛ በሳምንት 2 ወይ 3 ቀን ጠለቅ አድርጋችሁ ስሩ ላይ አጠጡ፣ ቅጠሉን አታርጥቡ።

ሐረጉ መሮጥ ሲጀምር ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ አንድ አካፋ ፍግ ጨምሩና አቁሙ። ከዚህ በላይ ካበዛችሁ ቅጠል ብቻ ነው ምታመርቱት።

መጀመሪያ የሚመጣው ወንዴ አበባ ነው፣ ቢረግፍ አትደንግጡ። ሴቴዋ ከስሯ ትንሽ ፍሬ አላት፣ ንብ ካልጎበኛት ግን አትይዝም። የጅማ ሰው ቀፎ አያጣምና ንቡን ጠብቁት፣ በአበባ ሰዓት ምንም ነገር አትርጩ። ንብ ካነሰ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወንዴውን ቀጥፋችሁ ሴቴዋ መሀል ቀባ ቀባ አድርጉ። በአንድ ሐረግ 2 ፍሬ ይበቃል፣ ከስሩም ደረቅ ሳር ይነጠፍለት። ጦጣና ጃርት ካለ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ጥበቃ የግድ ነው።

ለመልቀም ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ቀንሱ፣ ይጣፍጣል። ከፍሬው አጠገብ ያለችው ጥምዝ ክር ስትደርቅ፣ መሬት የነካው ሆዱም ከነጭ ወደ ቢጫ ሲቀየር ደርሷል። ሙዝ አይደለም፣ ከተቆረጠ በኋላ ቤት ውስጥ አይበስልም፣ ስለዚ ሁለቱም ምልክት ሳይታይ ቢላ አታንሱ። ቦታውን ደሞ ለ3 ዓመት ሀብሀብም ዱባም አትዝሩበት፣ በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያል፤ በቦታው ቦሎቄ ዝሩ።