210 ላይ ያደረግኩት ቬፕ ለምን ጥጥ ያሳርራል?

ሁለት ቀን ሙሉ የቬፔ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዬ) ያረረ ጥጥ ጣዕም አስመረረኝ። ጥጡ ፈሳሹን ይዞ ለሚግለው ሽቦ የሚያቀርበው ነው። ቬፑን በሙቀት መቆጣጠሪያው 210 ዲግሪ ላይ ነው ያደረግኩት፤ በዚህ ሙቀት ማረር አልነበረበትም። ጥጡን ቀየርኩ፣ ፈሳሹን ቀየርኩ። ወይ ፍንክች!

ጥፋቱ የኔው ነበር። መሣሪያው ቴርሞሜትር የለውም። የሽቦው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ሲግል ምን ያህል እንደጨመረ አይቶ ነው ሙቀቱን የሚያሰላው። ስለዚህ ሽቦው ቀዝቃዛ ሳለ ያለውን ሬዚስታንስ ማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ ሽቦውን ያለ ጥጥ በዋት ሞድ (ሙቀቱን ሳይቆጣጠር ኃይል ብቻ በሚሰጥበት) አግዬ ከፈተሽኩ በኋላ፣ በደንብ ሳይበርድ ጥጥ ሰክቼ ገጠምኩት። መሣሪያው «አዲስ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ነው?» ሲለኝ ቸኩዬ «አዎ» አልኩ። 0.42 ኦም ብሎ ያዘ። ሲበርድ ግን 0.40 ነው። ትንሽ ትመስላለች አይደል? ሽቦዬ ኤስኤስ 316ኤል (የማይዝግ ብረት) ነው፣ ቲሲአሩ (በየዲግሪው ሬዚስታንሱ የሚጨምርበት ምጣኔ) 0.00092። ሳሰላው፣ ስክሪኑ 210 ሲል ሽቦው 270ን አልፏል!

ታንኩን (ሽቦውና ፈሳሹ ያሉበትን ክፍል) ፈታሁት። ብሎኖቹን አጠበቅኩ፤ አንዱ ላልቶ ነበር፣ እሱም ንባቡን ያዋዥቃል። ግማሽ ሰዓት ተውኩት። መልሼ ስገጥመው 0.40 አነበበ፤ መሣሪያው ይህን ንባብ እንዲይዝ ቆለፍኩት። ጥጡን ለሦስተኛ ጊዜ ቀየርኩ፣ ማረሩ ቀረ።

ሽቦህ ካንታል (የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ) ከሆነ ግን አትልፋ። ሲግል ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ ይህ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሞድ አይሠራለትም።