የስኳር መድኃኒትን ከጾም ሰዓት ጋር እንዴት ማስማማት ይቻላል?

የስኳር መድኃኒት የሚታዘዘው የምግብ ሰዓት ታስቦ ነው። ቁርስ ቀርቶ የመጀመሪያው ምግብ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲገፋ፣ ጠዋት የተዋጠው ክኒን ወይም የተወጋው ኢንሱሊን ማዕዱ እስኪቀርብ አይጠብቅም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሲገባ አንዳንዱ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው እየወሰደ ይጾማል፣ ሌላው ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል። ሁለቱም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላሉ።

በመጀመሪያ የሚወስዱትን መድኃኒት በስሙ ይወቁ። “የስኳር ክኒን” ማለት ብቻ አይበቃም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚወሰደውም በዋናነት ሆድ እንዳይረብሽ ነው። ግሊቤንክላሚድ ግን ተበላም አልተበላም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። በዕድሜ የገፉና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ዘንድ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ባዶ ሆድን የሚያጠቃው በተለይ ይህ ነው።

ኢንሱሊን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥርት ያለው ሬጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፤ ምግቡ ከቀረ ለዚያ ምግብ የታዘዘው መርፌም ይቀራል። እንደ ወተት የሚነጣው ኤንፒኤች ግን ከተወጋ በኋላ በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋ፣ የሚበረታው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። እስከ ዘጠኝ ለሚጾም ሰው ይህ ሆዱ ባዶ የሆነበት ሰዓት ነው! ሁለቱ የተቀላቀሉበት 70/30 ከሆነ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ ስለማይቻል፣ ያለ ሐኪም ምክር ምንም አይለውጡ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት (ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ) ሰው ደግሞ ባይበላም እንኳ ኢንሱሊን ጨርሶ ማቆም የለበትም።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ የበሉበትን ሰዓት፣ የበሉትን፣ የወሰዱትን መጠን፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ የተለካውን ስኳር። የጾም ምግብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ፓስታ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ስኳርን በፍጥነት ያሻቅባሉ።

ይህን ደብተር ይዘው ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ለምሳሌ በረመዳን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለቱን ጊዜ በአንድነት በኢፍጣር፣ የአንዱን በሱሁር (ከንጋት በፊት በሚበላው ምግብ) እንዲወስድ ይደረጋል። ግሊቤንክላሚድ ወደ ኢፍጣር ሊዛወር ወይም በሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችላል። የኢንሱሊንን ዩኒት ግን ጎረቤት ስለቀነሰ ብቻ አይቀንሱ፤ የእርስዎ ልክ ከእርስዎ ደብተር ነው የሚወጣው። ነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ወይም በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ባይጾም ይሻላል። ጉዳዩን ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼኽዎ በግልጽ ይንገሩ፤ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው የተተወ መንገድ አለ።

በጾሙ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላና የሰውነት ለውጥ በተሰማዎት ጊዜ ሁሉ ይለኩ። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ወዲያውኑ ይፍቱ። ኢፍጣር ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት እንኳ ቢሆን አይጠብቁ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከመጣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር አልባው ግን አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት፣ ከተስተካከለ ምግብ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፤ ፈጥነው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ስኳርዎ እንዲህ ከወረደ፣ የሚቀጥለውን መጠን ከመውሰድዎ በፊት ለሐኪምዎ ይደውሉ።