ለጉልበተኛ ፈረስ ልጓም ስትመርጡ የምትሳሳቱት

የገበያ ቀን ደሴ ያለችው ሱቄ ከሚገባው ባለፈረስ አብዛኛው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጠንከር ያለ ልጓም የለህም? ይሄ ፈረስ እኮ ገዛኝ!»

አለኝ። ግን አልሸጥም።

ፈረሱ ጉልበተኛ በሆነ ቁጥር ብረቱን ማክፋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ልጓም የሚያርፈው የፊት ጥርስ አልቆ መንጋጋ እስኪጀምር ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። እዚያ ጋ ሥጋ የለም፤ ስስ ቆዳ፣ ከሥሩ ወዲያው አጥንት። የራሳችሁን ቅልጥም በቁልፍ ጫን አድርጉትና ታውቁታላችሁ። ፈረስ ደግሞ ሲያመው መቆም አያውቅም፤ ተፈጥሮው መሸሽ ነው። የሚሸሸው ብረት አፉ ውስጥ ስለሆነ እሱ በሮጠ ቁጥር እናንተ ትስባላችሁ፣ እናንተ በሳባችሁ ቁጥር እሱ ይሮጣል። እንዲህ ሲከርም ድዱ ይጠባሳል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል። ያኔ «አፈ ደንዳና» የሚል ስም ይወጣለትና ባለቤቱ ከፊተኛው የባሰ ብረት ሊገዛ ይመጣል። ደንዳና ሆኖ የተወለደ አፍ እስካሁን አላየሁም።

አንድ አዛውንት ከኩታበር ዳማ ድንጉላ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ስንት ልጓም ቀየርኩለት መሰለህ፤ ቁልቁለት ላይ ጭራሽ አይሰማኝም» አሉ። «እስቲ ጋሼ፣ አፉን ልየው» ብዬ ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ምላሱ በአንድ ጎን ተሰንጥቋል። የመጨረሻው ልጓሙ ከፌሮ የተሠራ ነበር፤ ያ ጥርስ ጥርስ ያለው የቤት አምድ ብረት። ሠሪው በሞረድ እንኳ አላለሰለሰውም። ቁስሉ እስኪደርቅ አፍ ውስጥ ብረት በማይገባበት በልባብ ብቻ እንዲይዙት፣ ከዚያም መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ለስላሳ ልጓም እንዲያደርጉለት ነገርኳቸው። ተቆጥተው ሄዱ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው መጡ፤ ስለ ፈረሱ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ለስላሳውን ገዝተው ሄዱ። ከፌሮ፣ ከጥቅል ሽቦ ወይም ከተበጠሰ ሰንሰለት የተሠራ ነገር አፍ ውስጥ አይግባ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ።

«ወፍራም ልጓም ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉም አሉ። ቀጭን ብረት እንደሚቆርጥ እውነት ነው። የደጋው ፈረሳችን ግን አፉ ትንሽ ነው፤ ለትልልቅ የውጭ ፈረሶች የተሠራ ወፍራም ብረት ምላሱን ይጨፈልቅበታል። ልጓሙን ለብሶ አፉን መግጠም ካቃተው ወፍሮበታል ማለት ነው።

በዓይን ለክቶ መግዛትም አለ። ሲባጎ አፉ ውስጥ አሳልፋችሁ ከከንፈር ጥግ እስከ ከንፈር ጥግ ለኩ፤ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሩበት። ሲጠብ ከንፈር ይቆነጥጣል፤ ሲሰፋ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል።

እግረ ረጅሙን ልጓም፣ ያን በሁለቱም ጎን የብረት ክንድ ያለውን፣ ከአገጭ ሰንሰለቱ ጋር ገዝቶ ለጀማሪ ልጅ መስጠት ደግሞ ያናድደኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከአፍ ብረቱ በላይ ያለው ክንድ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በታች ያለው 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጃችሁ የሳበው ኃይል 3 እጥፍ ሆኖ ሰንሰለቱን ያጠብቀዋል። ልጁ እንዳይወድቅ ዛቡ፣ ማለትም መሳቢያው ጠፍር ላይ ሲንጠለጠል የፈረሱ አገጭ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከአገጭ ሥር የሚዞር ቀለበት ያለው የጥንቱ ልጓማችንማ ከዚህም ይብሳል። «የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ፈረሳቸውን አባ ሻንቆን የገቱበት ዓይነት ነው» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ይሁን! ግን ያ ልጓም የተሠራው ጦርና ጋሻ ይዞ በአንድ እጁ ፈረስ ለሚያዞር፣ ዛቡን በሁለት ጣት ለሚነካ ፈረሰኛ ነው። እናንተ በሁለት እጅ ተደግፋችሁ ነው የምትስቡት።

ስለ መሳብ ካነሳን፦ ዛብ ይዞ መክረም ፈረሱን መደገፍ ያስተምረዋል። ሳብ፣ ሲታዘዝ ወዲያው ለቀቅ።

ጥርሱን ሳያዩ ልጓም መቀየርም ብዙ ፈረስ አበላሽቷል። ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱን ይጥላል፤ በዚያ ወቅት ራሱን ቢወረውር አትፍረዱበት። አንዳንዱ ደግሞ ከመንጋጋ ጥርሱ ፊት ትንሽ ጥርስ ያበቅላል፤ ብረቱ በነካት ቁጥር ይዘላል። እሷን የሚነቅላት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ጉጠት ያለው ጎረቤት አይደለም።

የኮምቦልቻ ባለጋሪዎች፣ ባጃጁ ቢበዛም ገና አላችሁና ይሄ ለእናንተ ነው። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ «ፈረሱ አልቆም አለኝ» ትላላችሁ። እየገፋው ያለው ጭነቱ እኮ ነው! በታፋው ዙሪያ አልፎ ጋሪውን ወደ ኋላ የሚይዝ ጠፍር ከሌለው፣ የጫናችሁት ኩንታል ሁሉ ከኋላ እየገፋው ይወርዳል። እናንተ ደግሞ ከፊት አፉን ትስባላችሁ። መጀመሪያ ጠፍሩን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ልጓም ማውራት ይቻላል።

አንድ ልጓም ለሁለት ሦስት ፈረስ ማዋዋስ ይቅር። በጋሪ ፈረስ ላይ በመስመር እየተከታተለ የሚያብጥና የሚፈነዳውን ቁስል ኮምቦልቻ አካባቢ የማያውቀው የለም፤ በሽታው በቁስል በኩል ነው የሚገባው። የተጋጠ ከንፈር ደግሞ ክፍት በር ነው። ካዋሳችሁም አጥባችሁ።

ኅዳር ላይ የደሴ ጠዋት ያቀዘቀዘውን ብረት በእጃችሁ ሳታሞቁ አታጉርሱት።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ገብሱን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ገብስ ሲቆረጥም የሰነበተ ድንጉላ ቅዳሜ ሲወጣ ቢፈነጥዝ ምን ይደንቃል? ገብሱን ቀንሱለት፣ በየቀኑም አውጡት። ያ ካልመለሰው አፉን ከፍታችሁ እዩ፤ ቁስልም ክፉ ጥርስም ካጣችሁ ሲባጎውን ለክታችሁ ኑ።